ጥቁሯ ሳጥን ስትጮህ ምስሉ ይጠፋል

የእማዬና የአባዬ ሰርግ ደሴ ነበር። ጥር 1985 ዓ.ም.። ካሴቱ የ180 ደቂቃ ቪኤችኤስ ነው። ጎኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሰርግና መልስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ በፌስታል እንደተጠቀለለ ነው የማውቀው።

እማዬ ከዚያ ካሴት የምትፈልገው ሰርጉን አይደለም። እናቷን ነው። አያቴ ያረፈችው በ1991 ነው። ፎቶዎች አሉን። ድምጿ ያለው ግን እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። በመልሱ ቀን ቆማ ስትመርቅ ተቀርጻለች።

ባለፈው ክረምት «ካሴት ወደ ፍላሽ እንገለብጣለን» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ሱቅ አገኘሁና ይዤው ሄድኩ። ልጁ ግማሽ ሰዓት ያህል ሞከረ። ምስሉ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። «እህቴ፣ ካሴቱ አልቆለታል። ባትለፊ ይሻላል» አለኝ። ይዤው ተመለስኩ። እማዬ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ፌስታሉን ተቀብላኝ ወደ ቦታው መለሰችው። ይህን ሁሉ ያስጀመረኝ የዚያን ቀን ዝምታዋ ነው።

ካሴቱ አላለቀለትም ነበር። ምስሉ የሚጠፋው ከካሴቱ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ነበር። ይህን ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የምጽፈው ሌላ ሰው ካሴቱን «ሞቷል» ተብሎ ከመጣሉ በፊት እንዲያነበው ነው። ቪዲዮ ዴክ ራሱ እየጠፋ ያለ ዕቃ ነው። መጨረሻ ላይ ያመርት የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። አሁን ያለን በየቤቱ አቧራ የለበሰው ብቻ ነው።

ዴኩን ከጎረቤታችን ተዋስኩ። ለብዙ ዓመት የቡና ረከቦት ማስቀመጫ ሆኖ የኖረ ነው፤ ጨርቁን አንስተው ሰጡኝ። የካሴቱን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን፣ ካፕቸር የሚባለውን ነገር መርካቶ ገዛሁ። በአንድ በኩል ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ቀዳዳ አለው፤ በሌላ በኩል ዩኤስቢ። ላፕቶፔ ሦስት የዩኤስቢ ሶኬት ነው ያለው። በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ጨርሼው እማዬን አስደስታለሁ ብዬ ነበር የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሩ ዕቃውን ጭራሽ አላየውም። ስሰካው የሚሰማ ድምፅ አለ፤ ግን ወዲያው «የዩኤስቢው ዕቃ አልታወቀም» ይላል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ (ዊንዶውስ የተሰኩ ዕቃዎችን የሚዘረዝርበት ቦታ ነው) ገብቼ ሳይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን፣ ከሥሩ ደግሞ ኮድ 43። ይህ ኮድ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጎደለ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ዕቃውን «ማነህ?» ብሎ ጠይቆት የረባ መልስ አላገኘም ማለት ነው። መልሱ መንገድ ላይ እየተበላሸ ነው። ድራይቨር ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ሌሊቱን ማደር እዚህ ላይ አይጠቅምም።

ገመዱን አየሁት። ዴኩ ቲቪው ጋ ስለሆነ፣ ላፕቶፑ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ፣ በመሃል የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ገብቶበታል። የፕሪንተር ክፍል ውስጥ ተጥሎ የነበረ ቀጭን ገመድ ነው። ዩኤስቢ 2.0 ከ5 ሜትር በላይ በሆነ ገመድ እንዲሠራ አልተሠራም። ገመዱ ቀጭንና ርካሽ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በታች ይሸነፋል። ማስረዘሚያውን አውጥቼ ላፕቶፑን ወደ ዴኩ ወሰድኩት። ወዲያው ታወቀ። ማስረዘም ካለባችሁ በቢጫና ነጩ በኩል አስረዝሙ። የድሮ የቪዲዮ ምልክት ጥቂት ሜትር ቢጨመርበት ትንሽ ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ አይቋረጥም። ዩኤስቢ ግን ወይ አለ ወይ የለም።

ከዚያ የድራይቨር ጣጣ መጣ። አሁን ኮዱ 28 ሆነ። ይህኛው በእርግጥም ድራይቨር የለኝም ማለት ነው። ከዕቃው ጋር ትንሽ ሲዲ ይመጣል፤ ላፕቶፔ ደግሞ የሲዲ ማጫወቻ የለውም። የእነዚህ ርካሽ ካፕቸሮች ዋና ችግር መልካቸው አንድ ሆኖ ሆዳቸው መለያየቱ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ሳጥን ገዝታችሁ ውስጣቸው ያለው ቺፕ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሳጥኑ ላይ ባለው ስም ድራይቨር አትፈልጉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዕቃውን በቀኝ ተጫኑና ወደ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ ሂዱ። እዚያ ሁለት ቁጥር አለ። የእኔው ቪአይዲ (የአምራቹ ቁጥር) 1ቢ71፣ ፒአይዲ (የዕቃው ቁጥር) 3002 ነበር። ይህ ዩቲቪ007 የሚባለው ቺፕ ነው። 05ኢ1 እና 0408 ካለ ደግሞ ሲንቴክ ነው፤ ድራይቨሩም ሌላ ነው። የእኔን የነገረኝ ቁጥሩ ነው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ሌላ ነገር ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ዘዴ ተጠቀምኩ፤ ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው። ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ፍላሽ ላይ ጫንኩና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሳሁት። ዊንዶውሱ ሳይነካ ማለት ነው። የሊኑክስ ከርነል ይህን ቺፕ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምንም ጭነት ያውቀዋል። ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍቼ ካፕቸሩን መረጥኩ። ደሴ መጣች! ነጭ መኪና፣ አበባ የተሰካበት፣ አባዬ በጥቁር ሱፍ። እማዬ ከማድቤት እየሮጠች መጣች። ይህ ሙከራ በአሥር ደቂቃ ብዙ ነገር ነገረኝ። ዴኩ ይሠራል። ካሴቱ ይሠራል። ካፕቸሩ ይሠራል። ሶኬቱ ይሠራል። የቀረው ዊንዶውስ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ማጥሪያ ከሌለ ሰው አምስት ነገር በአንድ ጊዜ እየጠረጠረ ይደክማል።

ዊንዶውስ ላይ ትክክለኛውን ድራይቨር ከጫንኩ በኋላ ድምፅ መጣ፤ ምስሉ ግን ጥቁር ነበር። ይህኛው ቀላል ነው፤ ቶሎ ላልፈው። ዊንዶውስ ካፕቸሩን እንደ ካሜራ ነው የሚቆጥረው። ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ የዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ካሜራ እንዲጠቀሙ ፍቀዱ። ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንደሆነም አረጋግጡ፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከያዘው ለሌላው አይሰጥም። ፕሮግራሙ ውስጥ መግቢያው ኤስ-ቪዲዮ ሳይሆን ኮምፖዚት (ቢጫው ቀዳዳ) መሆኑን፣ ሥርዓቱም ፓል መሆኑን እዩ። የአገራችን ካሴት ፓል ነው። የእኔ ችግር ኤስ-ቪዲዮ ተመርጦ መገኘቱ ነበር።

እንግዲህ ዋናው ፈተና የመጣው ሁሉም ነገር ከሠራ በኋላ ነው።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መቅዳት ጀመርኩ። ምስሉ ያምራል። አሥራ አንድ ደቂቃ ሲሆን ቆመ። ኮምፒውተሩ ዩኤስቢ ሲነቀል የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ሲሰካ የሚያሰማውን። ማንም አልነካውም። እንደገና ጀመርኩ። አሥራ አራት ደቂቃ ላይ ቆመ። እውነት ለመናገር ያኔ የሱቁን ልጅ አስታወስኩት። «አልቆለታል» ያለው ይህን አይቶ ይሆን? ካሴቱ ይሆን?

ከዚያ ቁጭ ብዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ። የሚቆረጠው የት ነው?

ይህች ጥያቄ ከድራይቨር ሁሉ ትበልጣለች። ምስሉ የሚቆረጠው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ከሆነ፣ ካሴቱን ጠርጥሩ። ሪበኑ እዚያ ጋ ተጨማዶ ወይም ተጎድቶ ይሆናል። ሁለት ቀረጻ የሚገናኙበት ባዶ ቦታም ሊሆን ይችላል። ካሴቱን መልሳችሁ ቲቪ ላይ ብቻ አጫውቱት። እዚያም ከተበላሸ ካሴቱ ነው። የሚቆረጠው ቦታ ግን በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ ካሴቱ ንጹሕ ነው። ገመዱን ነካ ስታደርጉት ከሆነ ገመዱ ወይም ሶኬቱ ነው። ከጀመራችሁ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ከሆነ ደግሞ ሰዓት የሚቆጥር ነገር አለ ማለት ነው። ሰዓት የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው።

ካሴቱን ወደፊት አጠንጥኜ ከመሃል ጀመርኩ። ሌላ ትዕይንት፣ ሌላ ቦታ። አሥራ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ቆመ። ከካሴቱ አይደለም። በጣም ደስ አለኝ። ችግሩ አልተፈታም፤ ግን ካሴቱ ነጻ ወጣ።

ሦስት ቀን ሙሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ሞከርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ። የኃይል ቁጠባ ውስጥ ያለውን የዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ አጠፋሁ። ያው ነው። ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመከረው ይህን ማጥፋት ነው፤ ነገር ግን እሱ የሚያስተኛው ሥራ የፈታን ዕቃ ነው። ምስል እየላከ ያለን ካፕቸር አያስተኛም። ድራይቨሩን አጥፍቼ ደግሜ ጫንኩ። ያው ነው። ካፕቸሩ ሞቆ ይሆን ብዬ በማራገቢያ አቀዘቀዝኩት። ያው ነው።

እማዬ በየምሽቱ አጠገቤ ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። አታወራም። ምስሉ ሲመጣ ቀና ትላለች፣ ሲጠፋ ወደ ትሪዋ ትመለሳለች። ረቡዕ ማታ ምስሉ ሲቆም ትሪውን አስቀመጠች።

«ልጄ፣ ያቺ ጥቁሯ ሳጥን ስትጮህ እኮ ነው የሚጠፋው።»

«የቷ ሳጥን እማዬ?»

«ይቺ። መጀመሪያ ስትጮህ ትቆይና ዝም ትላለች። ከዚያ ዝዝዝ ብላ ትነሳለች። እሷ ስትነሳ ሰርጉ ይጠፋል። ትናንትም እንዲሁ ነው።»

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ናት። የተቀዳውን በኋላ ወደ እሷ ላዛውር ብዬ ሰክቻት ነበር። የምቀዳው ላፕቶፑ ውስጥ ስለሆነ ከነገሩ አውጥቻት ነበር። የእኔ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነበር። እማዬ ግን የምታዳምጠው ክፍሉን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድን ሶኬት ለብዙ ዕቃ የምታካፍል አንዲት ትንሽ ሃብ ሰክቼ ነበር። ሃቧ ላይ ካፕቸሩ፣ ሃርድ ዲስኳና ማውሱ አሉ። ሃቧ የራሷ ቻርጀር የላትም፤ ከላፕቶፑ የምታገኘውን ነው ለሦስቱ የምታካፍለው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው። ዩኤስቢ 3.0 ሶኬት 900 ይሰጣል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ዝም ብላ ስትሽከረከር የምትወስደው አንድ ነገር ነው፤ ከእንቅልፍ ስትነሳ የምትጎትተው ሌላ ነው። ከቆመበት ማሽከርከር ከባድ ነው።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ቧንቧ ሲከፍቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ሳሙና እንደተቀባችሁ ውሃው ይቀጥናል። ሃርድ ዲስኳ ስትነሳ ሃቧ ላይ ያለው ቮልቴጅ ለአንድ አፍታ ዝቅ ይላል። ካፕቸሩ ያን አፍታ መቋቋም አይችልም። ይጠፋና መልሶ ይነሳል። ኮምፒውተሩም «ተነቀለ፣ ተሰካ» ይላል።

አሥር ደቂቃውስ ከየት መጣ? ላፕቶፑን በባትሪ ነበር የማሠራው። ዊንዶውስ በተለመደው ቅንብሩ፣ በባትሪ ሲሆን፣ ሥራ የፈታ ሃርድ ዲስክን ከ10 ደቂቃ በኋላ ያቆማል። ቻርጀር ላይ ሲሆን ከ20 ደቂቃ በኋላ። ከቆመች በኋላ እኔ ማህደር ስከፍት ወይም ፀረ-ቫይረሱ ነካ ሲያደርጋት ትነሳለች። አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሆነው ለዚህ ነው።

ግምት ብቻ እንዳይሆን አረጋገጥኩ። መቅዳት ጀመርኩና ዲስኳ እስክትተኛ ጠበቅኩ። ከዚያ ሆን ብዬ ከፈትኳት። ምስሉ ጠፋ። ደገምኩት፤ ጠፋ። ሰለስኩት፤ ጠፋ። ቀጥሎ ዲስኳን ከሃቧ አውጥቼ ላፕቶፑ ቀኝ ሶኬት ላይ ሰካኋት፣ ካፕቸሩን ሃቧ ላይ ተውኩት። ዲስኳ ብትነሳም ምስሉ አልተነቃነቀም። ኃይሉ ነው ማለት ነው።

ግን ሃቧን ከነጭራሹ ተውኳት። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ይህኛውን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

ፋይል በዩኤስቢ ሲገለበጥ ዕቃ በደረሰኝ እንደመረካከብ ነው። ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ቆጥሮ ይፈርማል። የጎደለ ካለ ተመልሶ ይላካል። መስመሩ ቢጨናነቅ ይዘገያል እንጂ ፋይሉ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። የካፕቸር ምስል ግን እንደ ቀጥታ የሬዲዮ ስርጭት ነው። ያመለጠ ቃል አይደገምም። ካሴቱ እየሄደ ነው፣ አይጠብቅም። መንገድ ላይ የጠፋ ቁራጭ ጠፍቶ ይቀራል። «ፍላሼ በዚህ ሶኬት ደህና ይሠራል፤ ስለዚህ ሶኬቱ ጤነኛ ነው» የሚለው አባባል ለካፕቸር የማይሠራው ለዚህ ነው። ፍላሹ እየተሳሳተ እያረመ ይሆናል፤ እናንተ አታዩትም።

መጠኑን አስሉት። የፓል ምስል ሲቀዳ 720 በ576 ነጥብ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት፣ በሰከንድ 25 ምስል። ሲባዛ 20,736,000 ባይት ይመጣል። በየሰከንዱ 20.7 ሜጋ ባይት። ዩኤስቢ 2.0 በስሙ 480 ሜጋ ቢት ነው፤ ማለትም 60 ሜጋ ባይት። ለእንዲህ ያለ የማይደገም ስርጭት ግን አንድ መስመር ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛው 24.5 ሜጋ ባይት ያህል ነው። ካፕቸሩ ያን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። እዚያው ሃብ ላይ የኮምፒውተር ካሜራ ብትጨምሩ ወይ አንዱ አይነሳም፣ ወይ «በቂ የዩኤስቢ አቅም የለም» የሚል መልዕክት ይመጣል። ስለዚህ ካፕቸር የራሱ ሶኬት ይሰጠው። ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው። የፊት ለፊቱ ሶኬት በውስጥ ገመድ ነው የሚሄደው፤ ያ ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ላላ ያለ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ስሌት በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሌላ ችግር ፈታልኝ። ተማሪዎቹ የኤችዲኤምአይ ካፕቸር ገዝተው ካሜራቸውን ከኮምፒውተር ጋር ሊያገናኙ ይሞክራሉ። ምስሉ እንደ ስላይድ ነው የሚሄደው። የካፕቸሩ መሰኪያ ሰማያዊ ስለሆነ ዩኤስቢ 3.0 ነው ብለው አምነዋል። ውስጡ ያለው ግን ኤምኤስ2109 የሚባል ቺፕ ነበር፤ እሱ ዩኤስቢ 2.0 ነው። ሰማያዊው ፕላስቲክ ቀለም ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ዋይዩዋይ2 የሚባለው ያልታመቀ ቅርጸት ተመርጧል። 1920 በ1080 ነጥብ፣ በ2 ባይት፣ በሰከንድ 5 ምስል ስታባዙ ስንት ይመጣል? 20,736,000። ያው የእማዬ ሰርግ ቁጥር! ቺፑ በሰከንድ 5 ምስል ብቻ የሚሰጠው ከዚያ በላይ በመስመሩ ስለማያልፍ ነው። ቅርጸቱን ወደ ኤምጄፔግ ቀየርነው። የታመቀ ስለሆነ በሰከንድ 30 ምስል አለፈ። ልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሁለቱንም አባዝተው ሲያዩ ያሰሙት ጩኸት እስካሁን ይሰማኛል። በወጉ ያስተማርኩት ትምህርት የዚያን ያህል የገባቸው አይመስለኝም።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ላፕቶፑን በባትሪ የማሠራው ለምን ነበር? ቻርጀሩን ስሰካው ድምፁ ላይ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ይገባል፤ ምስሉም ላይ ቀስ እያለ የሚወጣ ጥላ ይታያል። ባትሪው ደግሞ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ካሴቱ ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ያመጣው የዲሽ ገመድ ሆኖ ተገኘ። ዴኩ ከቲቪው ጋር ተያይዟል፣ ቲቪው ከዲሹ ጋር፣ ዲሹ ጣሪያ ላይ ከብረቱ ጋር። ላፕቶፑ ደግሞ በቻርጀሩ በኩል ከግድግዳው ጋር። በሁለት አቅጣጫ ከመሬት ጋር የተገናኘ ቀለበት ሲፈጠር የ50 ኸርዝ መብራቱ ድምፅ ሆኖ ይገባል። የዲሹን ገመድ ከቲቪው ነቀልኩ። ጉርምርምታው ተቆረጠ። ዴኩን፣ ቲቪውንና ቻርጀሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካኋቸው። ከዚያ በኋላ ቻርጀሩ እንደተሰካ መቅዳት ቻልኩ።

አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩ። ካፕቸሩ ብቻውን በግራ ሶኬት። ሃርድ ዲስኳ መሳቢያ ውስጥ። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ተደርጓል። መብራት እንዳይጠፋ እማዬ አማተበች፤ እኔም። ሰርጉ ጀመረ። አሥራ አንድ ደቂቃ አለፈ። አሥራ አራት አለፈ። ሰዓቱን አይቼ እማዬን አየኋት፤ እሷም ያየችው ሰዓቱን ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። ጭፈራው፣ ኬኩ፣ የአባዬ ሚዜዎች፣ ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ ዛሬ የሉም።

ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስድስት ደቂቃ ላይ አያቴ ቆመች። ነጭ ቀሚስ፣ ነጠላዋ አደግድጋ። «ልጆቼ» አለች። እማዬ ትሪውን ከጭኗ ላይ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠችና እንደ ሕፃን ተጠግታ ስክሪኑ ሥር ተቀመጠች። አያቴ መረቀች። አራት ደቂቃ። እማዬ በየመሃሉ «አሜን» ትላለች፤ ካሴቱ ውስጥ ያሉትም ሰዎች «አሜን» ይላሉ። ከእነሱ ድምፅ ውስጥ የሙሽራዋም ድምፅ አለ።

ምንም አልተቆረጠም። እስከ መጨረሻው ሄደ።

ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀመጥኩት። ላፕቶፑ ላይ፣ ጥቁሯ ሳጥን ላይ፣ እና ለወንድሜ በሰጠሁት ፍላሽ ላይ። የምርቃቱን አራት ደቂቃ ለብቻው ቆርጬ ቨርጂኒያ ላለችው አክስቴ በቴሌግራም ላክሁላት። መልሷ የድምፅ መልዕክት ነበር። መጀመሪያው ለቅሶ ነው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ትላለች፦ «የኔ ልጅ፣ እኔም ጋ እኮ አንድ አለ። የልጄ ክርስትና። እማዬ፣ አያትሽ፣ በስልክ ስትመርቅ ስፒከር ላይ አድርገን ቀርጸነዋል። ሰው ሲመጣ ልላክልሽ?»

ያኛው ካሴት አሜሪካ ስለተቀረጸ ኤንቲኤስሲ ነው። 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ምስል ገደማ፤ የእኛው ፓል 625 መስመርና 25 ምስል ነው። የጎረቤታችን ዴክ ሊያጫውተው ይችል እንደሆነ ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ማየት አለብኝ። ካልቻለ ሁለቱንም የሚያጫውት ዴክ ፍለጋ እወጣለሁ። ካሴቱን የሚያመጣው ሰው የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ነው። እማዬ ከወዲሁ ምስር ገዝታለች።